የቀበሌ ቤታችንን ማን ይጠግነው?

እናቴ የቤት ኪራይ ደረሰኞቿን በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ያደግንበት የቀበሌ ቤት ኪራይ በወር 8 ብር ነው። ልጅ ሳለሁ ብሩን ጨብጬ ቀበሌ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደረሰኙ ሲቆረጥልኝ በሩጫ እመለሳለሁ። በቅርቡ ያን ቆርቆሮ ከፍቼ ወረቀቶቹን በዓመት በዓመት ደረደርኳቸው። የወረቀቱ ቀለም ተለውጧል። ማኅተሙም ተለውጧል። የገንዘቡ ቁጥር ግን ከታች እስከ ላይ 8 ነው።

ይህ 8 ብር አሳድጎናል። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች አራት ልጅ አስተምራለች። የቤት ኪራይ ሐሳብ ቢጨመርባት ኖሮ ከአራታችን ሁለታችን ትምህርት ማቆማችን አይቀርም ነበር። ስለዚህ ስለ ቀበሌ ቤት ክፉ ለመናገር አፌ አይከፈትም።

ግን ይኸው 8 ብር ቤቱን በላያችን ላይ እያፈረሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ነው።

አንድ ክረምት የጓዳው ጣሪያ ተበሳ። ማመልከቻ ጻፍን። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ተመራን። አንድ ባለሙያ መጣና ቀና ብሎ አየ፣ በማስታወሻው ጻፈ፣ ሄደ። ከወራት በኋላ የተሰጠን መልስ «በጀት የለም» የሚል ነበር። እሺ ራሳችን እናሠራው ስንል «የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም» ተባልን። ፈቃዱም ሳይመጣ ሌላ ክረምት ገባ። እናቴ ላስቲክ ገዝታ ጣሪያው ላይ አስነጠፈች፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ አስደረደረች። እስካሁን ድንጋዩ እዚያው አለ።

ያኔ በሰውየው በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሰውየው አልዋሸም። በጀት የለም ያለው በእርግጥም ስለሌለ ነው። መጠየቅ ያለብን ለምን እንደሌለ ነው።

በ1967 የተገባው ቃል

ነገሩ የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። በዚያ ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። ከመኖሪያው ሌላ ቤት ያለው ሰው ትርፉ ተወረሰ። በተወረሱት ቤቶች ለሚኖሩት ተከራዮች ደግሞ ኪራይ ተቀነሰላቸው። ቅናሹ ከ15 እስከ 50 በመቶ ይደርስ ነበር። ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ትንሽ ኪራይ የሚከፍለው ነው።

አስተዳደሩም በኪራይ መጠን ተከፈለ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ ሆኑ። ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የዚያ መሥሪያ ቤት ተከታይ ነው። ይህን ክፍፍል ልብ በሉት። ብዙ ገቢ የሚያስገቡት፣ በድንጋይና በብሎኬት የተሠሩት ጠንካራ ቤቶች ወደ አንድ ወገን ሄዱ። ትንሽ የሚያስገቡትና ቶሎ የሚያረጁት የጭቃ ቤቶች ወደ ቀበሌ መጡ። ማለትም ብዙ ጥገና የሚያስፈልገው ቤት በሙሉ ትንሽ ገንዘብ ካለው ወገን ጋር ተጠቃለለ።

ድሬ ድሮም ሁለት ዓይነት ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የባቡር ኩባንያው ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በቀጥታ በቀጥታ መንገድ ቀየሰ፣ ዛፍ ተከለ። መጋላ የሚባለው ሰፈር ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሱ መንገድ፣ በነጋዴውና በገበያው እግር አደገ። ከዚራ ላይ የባቡር ሠራተኛው ቤት ግንቡ ወፍራም ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በረንዳ አለው። ለድሬ ሙቀት ታስቦ ተሠርቷል። ጭቃና ቆርቆሮው ቤት ግን አቅም እንደፈቀደ የተሠራ ነው። አዋጁ ሲመጣ ሁለቱንም «ቤት» ብሎ ተቀበላቸው። እርጅናቸው ግን እኩል አልነበረም።

ለጭቃ ቤቱ ተከራይ አዋጁ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት «ውጣልኝ» የሚል አከራይ ቀረ። ኪራይ ቀነሰ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ለሰፈሩ መንገድ፣ ቦኖ ውሃ፣ የጋራ ሽንት ቤት እንዲሠራ ታሰበ። ቃሉ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ነገር በተግባር ጎደለው። ከኪራዩ ተነስቶ ለቤቱ ጥገና ብቻ የሚቀመጥ፣ ለሌላ ጉዳይ የማይነካ ገንዘብ አልነበረም። ኪራዩ ጥገናውን ካልሸፈነ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አልተሰየመም። እስከ ዛሬም አልተሰየመም።

8 ብር ምን ያህል ነው?

ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ቆይቷል። ሳይነካ ስንል ግን ቁጥሩን ነው።

በ1967 አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። 8 ብር ወደ 4 ዶላር ይጠጋል ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ዛሬ የእናቴ 8 ብር ስምንት የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። «እኛ ቤት በዶላር አንከፍል፣ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘዋል። የቆርቆሮው ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው። የምስማሩ ብረት፣ የቀለሙ ቅመም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከውጭ ነው። ቤቱን የምንጠግንበት ዕቃ ከዶላር ጋር ሲወጣ፣ ቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ በ1967 ዋጋ ቆሟል።

ሌላም ሂሳብ ልጨምር። 8 ብር በወር፣ በዓመት 96 ብር ነው። እኛ ግቢ ሰባት ቤት አለ። ሁላችንም 8 ብር እንከፍላለን ብንል፣ የግቢው የዓመት ኪራይ 672 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ አንድ አናጢና አንድ ረዳት ለአንድ ቀን ማሠራት ይከብዳል። ቆርቆሮው፣ እንጨቱ፣ ምስማሩ ገና አልተገዛም። የሰባት ቤተሰብ የዓመት ኪራይ የአንድ ቀን እጅ ሥራ እንኳ አይሸፍንም። ኪራዩን ሰብስቦ፣ ደረሰኝ አሳትሞ፣ መዝገብ ለሚይዘው ሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ራሱ ከገቢው ይበልጣል ቢባል አይገርመኝም።

ድሬ ላይ ደግሞ ቤት የሚያረጅበት የራሱ መንገድ አለው። የመጀመሪያው ጠላት ምስጥ ነው። ከታች ጀምሮ ቋሚውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ በጣት ሲነኩት ዱቄት ነው። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮው ቀን ይሰፋል፣ ሌሊት ይጠባል፣ የምስማሩ ቀዳዳ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ይሄዳል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ቀትር ላይ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ ነው። ለዚህ ነው በሙቀቱ ወራት ስንቱ ቤተሰብ አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ወጥሮ የሚያድረው። ሦስተኛው ዝናቡ ነው። የድሬ ዝናብ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን ተሰብስቦ ነው። በላላው የምስማር ቀዳዳ ይገባል፣ ማገሩን ያበሰብሳል፣ የግድግዳውን ምርጊት አጥቦ ይዞ ይወርዳል።

ይህ የሦስቱ ቅብብል ጥገና ማዘግየት ለምን ውድ እንደሆነ ያሳያል። ጣሪያው ሲበሳ በአንድ ቆርቆሮ የሚያልቅ ሥራ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወራጁ ይለወጥ ተባለ። በሦስተኛው ዓመት የግድግዳው ማዕዘን ወደ ውጭ አበጠ። አሁን የተጠየቅነው ቤቱ በሙሉ ፈርሶ እንዲሠራ ነው። ገንዘብ ቆጥበን አይደለም እዚህ የደረስነው። ትንሹን ሳናወጣ ትልቁ ዕዳ መጣብን።

የጎርፉን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የዚያን ሌሊት ድምፅ የሰማ ድሬዎች ዛሬም ሰማዩ በሐረር በኩል ሲጠቁር እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ውሃ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እኛ አይነገረንም። የቤት ጥገና ስል የማወራው ስለ ውበት እንዳልሆነ እንዲገባችሁ ነው።

ሀብታሙ ከተማም ያው ችግር አለበት

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ኒው ዮርክን ይመልከት።

የኒው ዮርክ ከተማ የቤቶች ባለሥልጣን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው (ስለ ኒው ዮርክ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በአሜሪካ ትልቁ የመንግሥት አከራይ ነው። ከ170 ሺህ በላይ ቤቶች አሉት። ተከራዩ የሚከፍለው በገቢው ልክ ነው። በ1969 የወጣ ሕግ ኪራዩ ከቤተሰቡ ገቢ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። በኋላ ገደቡ ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። ጥሩ ሕግ ነው። ድሃ ሰው ከደመወዙ ግማሹን ለኪራይ እንዳያፈስ ይከላከላል። ከኪራዩ በላይ የሚያስፈልገውን ወጪ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ እንዲሞላ ተባለ።

ችግሩ የመጣው መሙያው ሲቀንስ ነው። ሕንፃዎቹ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሞላቸው፣ ቧንቧው ዛገ፣ አሳንሰሩ ተበላሸ። ከዋሽንግተን የሚመጣው ገንዘብ ግን ለዓመታት ከሚያስፈልገው በታች ሆነ። በ2017 እና 2018 መካከል ባለው ክረምት ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪዎች በሆነ ጊዜ ማሞቂያ ተቋርጦባቸዋል። ለእኛ ሙቀት ነው ጠላቱ፣ ለእነሱ ብርድ። በ2019 ባለሥልጣኑ በገለልተኛ ተቆጣጣሪ እንዲታይ ተደረገ። በ2023 የወጣው ግምገማ ደግሞ ሕንፃዎቹን በ20 ዓመት ውስጥ ለማደስ 78.3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ገመተ። ለእያንዳንዱ ቤት ሲካፈል ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል። እንግዲህ ይህም በአንድ ቀን አልተጠራቀመም። እንደ እኛ ጓዳ ጣሪያ በየዓመቱ «በጀት የለም» ሲባል ነው የተጠራቀመው።

ኮቪድ ሲመጣ ሌላ ነገር ተጨመረ። ሥራ ያጣው ተከራይ መክፈል አቃተው። አንድ ጊዜ ከሚጠበቀው ኪራይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር የሚሰበሰበው። ግዛቱ ለተከራዮች ያወጣው የእርዳታ ገንዘብ ደግሞ የመንግሥት ቤት ተከራዮችን ከሰልፉ መጨረሻ አቆማቸው። ይህን ሳነብ አንጀቴን በላኝ። ከሁሉም በላይ የሚቸገረው ሰው «አንተማ የመንግሥት ቤት አለህ» ተብሎ ሲገፋ እኛም አገር አይተናል።

አሁን እዚያ የሚሞከሩ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሕንፃዎቹን በረጅም ውል ለግል አስተዳዳሪዎች መስጠትና የገንዘቡን ምንጭ ወደ ሌላ፣ የተሻለ ወደሚባል የፌዴራል ድጎማ ማዛወር ነው። ሁለተኛው በ2022 በግዛቱ ሕግ የተቋቋመ የመንግሥት አካል ነው። እሱ ቦንድ ሸጦ ገንዘብ ተበድሮ ሕንፃውን ያድሳል። ነዋሪው የትኛውን እንደሚፈልግ ድምፅ ይሰጣል፤ ባለበት መቆየትም ይችላል። ተከራዮቹ በሁለቱም ላይ ስጋት አላቸው፤ «ዛሬ ታድሶ ነገ እንዳንባረር» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል።

ለእኛ ከዚህ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ኒው ዮርክ ላይ የኪራዩ ማነስ አይደለም ቤቱን ያፈረሰው። ኪራዩ እንዲያንስ የወሰነው መንግሥት ልዩነቱን እሞላለሁ ብሎ ቃሉን ስላጎደለ ነው። የኒው ዮርክ ተከራይ ግን ቢያንስ ማን እንዳጎደለበት ያውቃል። ስሙን ጠርቶ ይከሰዋል፣ ይሰለፍበታል። እኛ ጋ የሚከሰስ የለም። እሞላለሁ ያለ አካል መጀመሪያውኑ ስላልነበረ «በጀት የለም» ያለው ሰው ጋ ደርሰን እንቆማለን።

የኦስትሪያዋ ቪየና በሌላ በኩል ከመጀመሪያው ምንጩን አስባበታለች። እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣለች፤ ሰፋ ያለ የቅንጦት ቤት ያለው ብዙ እንዲከፍል፣ ድሃው ጥቂት እንዲከፍል አድርጋ። በዚያ ገንዘብ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ቤት ሠራች። ዛሬ የከተማው አስተዳደር 220 ሺህ ገደማ ቤቶች አሉት። ቪየና ድሬ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ቤቱ ሲታሰብ የገንዘቡ ምንጭም አብሮ ታስቧል።

ኮንዶሚኒየምስ?

«የቀበሌ ቤት ዘመኑ አልፏል፣ ይፍረስና ኮንዶሚኒየም ይሠራ» የሚለውን ብዙ ሰው ይስማማበታል። እኔ በጥንቃቄ ነው የማየው።

የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከተማው ወይም ክልሉ ቦንድ አውጥቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይበደራል። ቤት ይሠራል። በዕጣ ይሸጣል። ገዢው 20 በመቶውን ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን እስከ 20 ዓመት ከባንክ ብድር ይከፍላል። ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ በውድ ተሸጠው የመኖሪያውን ዋጋ ይደጉማሉ። ገንዘቡ ተመልሶ ቀጣዩን ዙር ይሠራል። ድሬም የራሷን ኮንዶሚኒየሞች በዚህ መንገድ አግኝታለች።

ሂሳቡ ጥሩ ነው፣ ሱቁን የሚገዛ ነጋዴና ቅድሚያ ክፍያ ያለው ቤተሰብ እስካለ ድረስ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ግን ፕሮግራሙ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ሰው ቤት ስለማያስፈልገው አይደለም። የመክፈል አቅም ስላልነበረ፣ ባንኩ ያበደረው በጊዜው ስላልተመለሰ ነው። እናቴን አስቡ። 8 ብር የምትከፍል ሴት 20 በመቶ ቅድሚያ ከየት ታመጣለች? ዕጣ ቢወጣላትስ? ብዙ ዕድለኛ የሚያደርገውን ታደርጋለች። አከራይታ የባንኩን ዕዳ በኪራዩ እየከፈለች እሷ ወደ ባሰ ቤት ትገባለች። ከቀፊራ ራቅ ካለች ደግሞ የባጃጅ ሂሳቡ የቀን ትርፏን ይበላዋል። ቤት ከገበያና ከጎረቤት ጋር ተያይዞ ነው ቤት የሚሆነው። ኮንዶሚኒየም ለደመወዝተኛው ጥሩ ነገር ነው። የሚከራይ እንጂ የሚገዛ ቤት ለማይሆንለት ሰው ግን የቀበሌ ቤትን አይተካም።

የማይመች እውነት

አሁን ስለራሳችን ወገን። ከቀበሌ ቤት የሚጠቀመው ሁሉ እንደ እናቴ አይደለም። በቀበሌ ቤት ዋና መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቶ ለመንግሥት ጥቂት ብር እየከፈለ በሺዎች የሚያተርፍ አለ። ቤቱን ይዞ፣ ራሱ ሌላ ቦታ እየኖረ፣ ለደባል በገበያ ዋጋ የሚያከራይ አለ። ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ድጎማው የድሃ ነው እንላለን፣ የሚወስደው ግን ደህና ያለው ነው። ሰፈሩ ያውቀዋል። ጎረቤት ለጎረቤት አይናገርም እንጂ።

አጥሩ ማዶ ያለው የግል ተከራይም አለ። ከደመወዙ ግማሹን ለኪራይ የሚያወጣ ወጣት አስተማሪ የእኛን 8 ብር ሲሰማ ምን ይሰማዋል? በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 እሱን ለመጠበቅ ይሞክራል። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪው በዓመት አንዴና መንግሥት ባስታወቀው ልክ እንዲሆን ያዛል። ግን እሱም የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ለምን እኔ ሁሉንም፣ እናንተ ምንም? መልስ ይገባዋል።

ስለዚህ ኪራዩ በጭራሽ አይነካ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ለሁሉም እኩል ይጨመር የሚለውን ግን አልቀበልም። እኩል ጭማሪ ባለ ሱቁን አይቆነጥጠውም፣ ቸርቻሪዋን ግን ከቤቷ ያስወጣታል። ቤቱም ቢሆን በጭማሪው ብቻ አይድንም። ኪራዩ አሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ የእኛ ግቢ የዓመት ገቢ 6 ሺህ 720 ብር ነው። ለአንድ ጣሪያም አይበቃም።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማን የት እንደሚኖር ይቆጠር። በቀበሌ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ መጋዘን ሁሉ የአካባቢውን የገበያ ኪራይ ይክፈል። ይህ ብቻውን ከመኖሪያ ቤቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ያመጣል። በደባል የሚያከራየው ውሉ ይቋረጥና ውስጥ የሚኖረው ሰው ራሱ በስሙ ይዋዋል። መኖሪያ ቤት ላይ ኪራዩ ከቤተሰቡ አቅም ጋር ይሂድ። ጡረተኛዋ 8 ብሯን ትክፈል፣ ደህና ደመወዝ ያለው ልጅ ያላት ቤተሰብ ከዚያ በላይ ትክፈል።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። የተሰበሰበው ኪራይ ለብቻው በባንክ ይቀመጥና ለጥገና ብቻ ይዋል። ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለስብሰባ አይነካ። ልዩነቱን ማን እንደሚሞላው በጽሑፍ ይወሰን። ከተማዋ በ1996 የራሷን ቻርተር አግኝታለች፤ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት አላት። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ከተሞች ከመሬትና ከሕንፃ ገቢ እንዲሰበስቡ በር ከፍቷል። ከዚያ ገቢ የተወሰነ እጅ ለአሮጌ ቤቶች ጥገና ተለይቶ ቢያዝ፣ ከቪየናው ሐሳብ ጋር ይቀራረባል። ትልቅ ሕንፃ ያለው ለትንሹ ጣሪያ ያዋጣል። የኮሪደር ሥራው የመንገዱን ዳር አሳምሯል፤ የመንገዱ ጀርባም ሰው ይኖርበታል።

የጥገናው ቅደም ተከተልም ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት፣ ከዚያ የውሃ መውረጃ ቦይ። ቀለምና አጥር ይቆዩ። ጣሪያው ደህና የሆነ የጭቃ ቤት ሌላ 20 ዓመት ይቆማል። ለተከራዩም ራሱ እንዲጠግን ፈቃድ ይሰጠው። በወጪው ልክ ኪራይ ይታሰብለት። «አትንካ» እና «በጀት የለም» አንድ ላይ ሲነገሩ ቤቱን የሚቀበለው ምስጡ ብቻ ነው።

በእኛ ግቢ አንድ ነገር ጀምረናል። የጋራ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ሽታው ሁሉንም ሲያስጨንቅ፣ ሰባቱ ቤት ተሰብስቦ አዋጣ። ሁሉም እኩል አላወጣም። ልጁ ጅቡቲ ያለው ጎረቤታችን ብዙ አወጣ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ምንም አላወጡም፣ ቡና አፈሉልን። የመምጠጫው መኪና መጥቶ አጸዳው፣ በሩ ተለወጠ። እናቴ የገባውንና የወጣውን በደብተር ጽፋ ገጹን ገንጥላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ሁሉም ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፣ ማንም ቅር አላለውም።

ቀጣዩ ተራ የአሮጊቷ ጣሪያ ነው። አናጢው አይቶት ስድስት ቆርቆሮና ሁለት ወራጅ ብሏል። የሦስቱን ቆርቆሮ ገንዘብ አግኝተናል። የፈቃዱን ማመልከቻ እኔ ጽፌ አስገብቻለሁ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።